ከእንግሊዝ ተሻግሮ የኖርማንዲን የጦርነት ባሕር ዳርቻዎች ለመጎብኘት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጉዞውን የሚያስቡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ሌላ ካልተባለ በስተቀር ቀኖቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የትኞቹ ባሕር ዳርቻዎች ናቸው? የትስ ነው ያሉት?

ሰሜን ፈረንሳይ፣ ኖርማንዲ ውስጥ ናቸው። ጁን 6 ቀን 1944፣ በእኛ ግንቦት 29 ቀን 1936 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ የአሜሪካ፣ የእንግሊዝና የካናዳ ጦር ከሌሎች አጋሮቻቸው ጋር ሆኖ ናዚ ጀርመን በያዘችው ፈረንሳይ ላይ ያረፈው እዚህ ነው። በዚያ አንድ ቀን ብቻ በባሕርና በአየር ከ150,000 በላይ ወታደር ገብቷል።

ዳርቻዎቹ አምስት ናቸው። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ዩታ፣ ኦማሃ፣ ጎልድ፣ ጁኖና ሶርድ ይባላሉ። ዩታና ኦማሃ የአሜሪካኖች፣ ጎልድና ሶርድ የእንግሊዞች፣ ጁኖ የካናዳውያን ነበሩ። ከጫፍ እስከ ጫፍ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መኪና ውስጥ ጂፒኤስ ላይ ስታስገቡ የመንደሩን ስም ብትጠቀሙ ይሻላል፦ ለኦማሃ ኮልቪል-ሱር-ሜር፣ ለጎልድ አሮማንሽ፣ ለጁኖ ኩርሰል-ሱር-ሜር፣ ለሶርድ ዊስትረሃም፣ ለዩታ ሳንት-ማሪ-ዱ-ሞን።

ዳንኪርክስ? እሱም እዚያው ነው?

አይደለም። ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል። ዳንኪርክ በ1940 የተከበበው የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጦር በመርከብና በጀልባ ያመለጠበት ቦታ ነው። ከሜይ 26 እስከ ጁን 4 ድረስ ከ338,000 በላይ ወታደር ወጥቷል። ኖርማንዲ ደግሞ ከአራት ዓመት በኋላ ተመልሰው የገቡበት ነው። በመካከላቸው በመኪና የብዙ ሰዓት መንገድ አለ።

ያላችሁ አንድ ቀን ብቻ ከሆነ ግን ዳንኪርክን አስቡበት። ከዶቨር በፌሪ ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ዳንኪርክ 1940 የሚባለው ሙዚየም አለ። በማሎ-ለ-ባን በኩል ያለውን ረጅም አሸዋ በእግር ማየት ይቻላል። ዙይድኮት ላይ ባሕሩ በጣም ሲሸሽ ያኔ የሰመጠ መርከብ ስብርባሪ ብቅ ይላል። ስትሄዱ ወይም ስትመለሱ ዶቨር ካስል ጎራ በሉ፤ አድሚራል ራምዚ ያንን የማዳን ዘመቻ የመራው ከቤተ መንግሥቱ ሥር ካሉት ዋሻዎች ሆኖ ነው።

መቼ ብንሄድ ይሻላል?

ሜይ እና ሴፕቴምበር። አየሩ ደህና ነው፣ ሙዚየሞቹ ክፍት ናቸው፣ ሰዉም አይበዛም። በክረምቱ፣ በተለይ ጃንዋሪ ላይ፣ ብዙዎቹ ሙዚየሞች ይዘጋሉ። ነፋሱ በጁላይም ቢሆን ይበርዳልና የዝናብ ጃኬት ያዙ።

ጁን 6 ላይ መገኘት የሚፈልግ ሰው ስሜቱ ይገባኛል። ሥነ ሥርዓቱ ልብ ይነካል። ግን መንገዶች ይዘጋሉ፣ መኝታ ከወራት በፊት ያልቃል፣ መቃብሮቹም በሰው ይሞላሉ። ጸጥ ብላችሁ ማየት የምትፈልጉ ከሆነ ሌላ ሳምንት ምረጡ።

ቻናሉን፣ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ያለውን ባሕር፣ በምን ልሻገር?

ለአብዛኛው ሰው የምመክረው ከፖርትስማውዝ ወደ ዊስትረሃም የሚሄደውን ፌሪ ነው። ትኬቱ ላይ መድረሻው ካን ተብሎ ይጻፋል፤ ወደቡ ግን ከካን ከተማ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ዊስትረሃም ላይ ነው። የቀኑ ጉዞ ስድስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። የሌሊቱ ደግሞ አልጋ ያለው ክፍል ስላለው ተኝታችሁ ትደርሳላችሁ። ከመርከቡ ስትወርዱ ሶርድ ዳርቻ አጠገብ ናችሁ። ዩታን ማስቀደም የፈለገ ከፖርትስማውዝ ወይም ከፑል ወደ ሸርቡር መሄድ ይችላል።

ዶቨር–ካሌ በፌሪ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ከፎክስተን በባቡር ዋሻው 35 ደቂቃ ነው። አጭር ስለሆነ ሰውን ያማልላል። ነገር ግን ከካሌ እስከ ካን 350 ኪሎ ሜትር ያህል መንዳት አለ። የነዳጁና የመንገድ ክፍያው ሲደመር ረከሰ የተባለው ትኬት ብዙም አይረክስም። ኒውሄቨን–ዲዬፕ መካከለኛ ነው፦ አራት ሰዓት ባሕር፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት ገደማ መንገድ።

በሌሊቱ ፌሪ የምትሄዱ ከሆነ ፖርትስማውዝ በጊዜ ድረሱ። ሳውዝሲ ላይ የዲ-ዴይ ሙዚየም አለ፤ ዲ-ዴይ የሚባለው ያ የጁን 6ቱ ቀን ነው። ደጁ ላይ ኤልሲቲ 7074 የተባለችው፣ ያኔ ታንኮች ጭና የተሻገረች መርከብ ቆማለች። ውስጧ ገብታችሁ ስታዩአት ሰዎቹ በምን ዓይነት ነገር ባሕር እንዳቋረጡ ይገባችኋል።

ስንት ቀን ያስፈልጋል?

ቢያንስ ሁለት ሌሊት። አምስቱንም በአንድ ቀን እናዳርስ የሚሉ አሉ። እንዲህ ከሆነ የምታዩት የመኪና ማቆሚያ ብቻ ነው። መኝታችሁን ባዮ ከተማ ወይም አካባቢው አድርጉ፤ መሐል ላይ ስለሆነ ለሁሉም ይቀርባል። አንዱን ቀን ለእንግሊዝና ለካናዳ ዳርቻዎች፣ ሌላውን ለአሜሪካኖቹ ስጡ። ያላችሁ አንድ ቀን ብቻ ከሆነ አሮማንሽንና ኦማሃን ብቻ እዩ፤ ሌላውን ተዉት።

ለባዮ ታፒስትሪ (ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን የወረሩበትን ታሪክ ለሚያሳየው ጥንታዊ ጥልፍ) ብላችሁ የምትሄዱ ካላችሁ ሙዚየሙ ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ ለእድሳት ተዘግቷል። እስከሚከፈት ድረስ ለእሱ ብላችሁ አትድከሙ።

መኪና ከሌለኝስ?

ይቻላል፣ ግን ይዘገያል። ከለንደን በዩሮስታር ፓሪስ ሁለት ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያህል ነው። ከጋር ዱ ኖር ወደ ሳን-ላዛር ጣቢያ ትሻገሩና ካን ወይም ባዮ የሚሄድ ባቡር ትይዛላችሁ፤ እስከ ካን ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ትኬቱን ስትቆርጡ ተጠንቀቁ፤ የፊልም ፌስቲቫል የሚደረግበት ካን በደቡብ ፈረንሳይ ያለ ሌላ ከተማ ነው።

ከባዮ ወደ ኦማሃና ወደ አሮማንሽ ኖማድ የተባለው የክልሉ አውቶቡስ አለ። በበጋ ካልሆነ በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የሚመላለሰው። ስለዚህ የመመለሻውን ሰዓት ሳታዩ እንዳትሳፈሩ። ከሁሉ የሚቀለው ከባዮ በሚነሳ ሚኒባስ ከአስጎብኚ ጋር መሄድ ነው። የባቡር ዋሻው በእግር የመጣ ሰው አያሳፍርም፤ መኪና የግድ ይላል።

በእንግሊዝ መኪና ፈረንሳይ ውስጥ ስነዳ ምን ማወቅ አለብኝ?

በቀኝ ነው የሚነዳው። አንጸባራቂ ሰደርያና ባለ ሦስት ማዕዘን ማስጠንቀቂያ መያዝ ግዴታ ነው። ሰደርያው ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ሳይሆን እጃችሁ በሚደርስበት ይሁን። የዩኬ ምልክት መኪናው ላይ ይለጠፍ፣ መብራቱም ለቀኝ መንገድ ይስተካከል። ሊብሬውንና የኢንሹራንሱን ወረቀት አትርሱ። ፍጥነቱ በዋናው አውራ ጎዳና 130፣ ሲዘንብ 110፣ በገጠሩ ባለ ሁለት አቅጣጫ መንገድ በአብዛኛው 80፣ ከተማ ውስጥ 50 ኪሎ ሜትር ነው። ከአሥር ዓመት በታች ያለ ልጅ ፊት ወንበር አይቀመጥም።

ሰው የሚቀጣበት አንድ ነገር አለ። ኤ13 የተባለው የፓሪስ–ካን መንገድ ላይ አሁን የመክፈያ ኬላ የለም። ካሜራ ታርጋችሁን ያነሳል፤ እናንተ በ72 ሰዓት ውስጥ በኢንተርኔት ትከፍላላችሁ። ማንም አያስቆማችሁም፣ ስለዚህ ይረሳል። ቅጣቱ ግን ቤት ድረስ ይመጣል። ከካን ወደ ባዮ ያለው ኤን13 ግን በነጻ ነው።

የግድ መታየት ያለበት የቱ ነው?

እኔን ብትጠይቁኝ መጀመሪያ አሮማንሽ ነው። ወራሪው ጦር ወደብ ስላልነበረው ወደቡን ራሱን ከእንግሊዝ ጎትቶ አመጣው። ግዙፍ የኮንክሪት ሣጥኖች በባሕር ላይ ተጎትተው እዚህ ተደረደሩ። ዛሬም ቅሪታቸው አለ። ባሕሩ ሲሸሽ እግራችሁን እያራሳችሁ አጠገባቸው ድረስ ትሄዳላችሁ። ኮንክሪቱ ላይ የባሕር ሣርና ቀንድ አውጣ ተጣብቆበታል፤ የብረቱ ዘንግ ዝጎ ወጥቷል። ባሕሩ ሲሞላ ይህን ሁሉ አታገኙትም። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ባሕሩ የሚሞላበትንና የሚሸሽበትን ሰዓት እዩ። ለሆቴል የምትሰጡትን ያህል ትኩረት ለዚህ ስጡ። በነገራችን ላይ ጦሩም ይህን አስልቶ ነው የመጣው። ጀርመኖች የተከሏቸው መሰናክሎች እንዲታዩ ባሕሩ ሸሽቶ መሙላት ሲጀምር ነበር ያረፈው። በመኪና ጥቂት ደቂቃ ርቃ ሎንግ-ሱር-ሜር አለች። እዚያ አራት የጀርመን መድፍ ምሽጎች አሉ፤ መድፎቹም አሁን ድረስ እቦታቸው ናቸው። መግቢያው በነጻ ነው።

ቀጥሎ ኮልቪል ያለው የአሜሪካ መካነ መቃብር ነው። ከ9,380 በላይ መቃብር ኦማሃን ቁልቁል በሚያይ ሜዳ ላይ ተደርድሯል። ነጮቹ እብነ በረዶች ወደ ምዕራብ፣ ወደ አገራቸው፣ ዞረዋል። አስከሬናቸው ያልተገኘ የ1,557 ሰዎች ስም ግድግዳ ላይ ተቀርጿል። ቤተሰብ ሲመጣ ሠራተኞቹ ከኦማሃ ያመጡትን እርጥብ አሸዋ በተቀረጸው ስም ላይ ያሻሉ፤ ፊደሉ በአሸዋው ቀለም ጎልቶ ይወጣል። ለዚህ ቦታ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ያዙ። መግቢያው በነጻ ነው።

ባዮ ያለው የእንግሊዞቹ መካነ መቃብር ሌላ ስሜት አለው። ከ4,000 በላይ ሰው አርፎበታል፤ ጀርመናውያንም አብረው አሉ። ድንጋዮቹን ጎንበስ ብላችሁ ከታች በኩል አንብቡ። ብዙዎቹ ላይ ቤተሰብ የመረጠው አጭር ቃል አለ። የእናት፣ የሚስት፣ የልጅ ቃል ነው። ለእኔ ከየትኛውም ሙዚየም በላይ ጦርነቱን የሚናገረው ይህ ነው። ላ ካምብ ወዳለው የጀርመኖቹ መቃብርም ሂዱ። ከ21,000 በላይ ናቸው፤ ብዙዎቹ ገና ልጆች ነበሩ።

ጊዜ ካላችሁ ፕዋንት ዱ ኦክን ጨምሩ። ሬንጀር የሚባሉት የአሜሪካ ልዩ ወታደሮች 30 ሜትር ያህል ገደል በገመድ የወጡበት ነው፤ ቦምቡ የቆፈረው ጉድጓድ ሁሉ እንዳለ ነው። መንገዱ ለጉልበት ሕመምተኛ ይከብዳል። በምሥራቅ በኩል አየር ወለዶች በሞተር አልባ አውሮፕላን መጥተው ገና በሌሊቱ የያዙት የፔጋሰስ ድልድይ አለ። ዋናው ድልድይ ተነስቶ አጠገቡ ባለው ሙዚየም ቆሟል። ቬር-ሱር-ሜር ላይ በ2021 የተመረቀው የእንግሊዝ መታሰቢያ የ22,442 ሰዎች ስም ይዟል።

ባሕሩ ላይ መዋኘትና መጫወት ነውር ነው?

አይደለም። የአካባቢው ሰው ልጆቹን ይዞ ይዋኛል፣ ፈረስ ይጋልባል። ሰዎቹ የሞቱት ይህ ሕይወት እንዲመለስ ነው ብዬ ነው የማምነው። መቃብሮቹ ግን ሌላ ናቸው። እዚያ መብላት፣ መሮጥ፣ ጮክ ብሎ ማውራት አይገባም። ልጆቻችሁን ከመግባታችሁ በፊት ንገሯቸው።

መሬት ላይ ያገኛችሁትን ብረት አትንኩ። ያልፈነዳ ጥይትና ቦምብ አሁንም ይገኛል። ራቅ ብላችሁ 112 ደውሉ። የብረት መፈለጊያ መሣሪያ ይዞ ዳርቻዎቹ ላይ መቆፈርም ክልክል ነው።

ምግብስ? ጾም ከሆነ እንዴት ይደረጋል?

ኖርማንዲ የቅቤና የክሬም አገር ነው። ጁን ላይ የሚሄድ ሰው የሰኔ ጾም ሊያገኘው ስለሚችል አስቀድሞ ይዘጋጅ። ምግብ ቤት ስትገቡ «ሳን ቪያንድ፣ ሳን በር፣ ሳን ክሬም» በሉ፤ ያለ ሥጋ፣ ያለ ቅቤ፣ ያለ ክሬም ማለት ነው። ጠዋት ዳቦ ቤት ትኩስ ዳቦ፣ ከገበያ ቲማቲምና ፍራፍሬ ገዝቶ መያዝም ያዋጣል። ሐላል የሚፈልግ ካን ከተማ ውስጥ ያገኛል፤ በትንንሾቹ መንደሮች ግን አይጠብቅ። ወጥ ቤቶቹ በምሳና በእራት መካከል ይዘጋሉ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት (በፈረንጅ 14:00) ካለፈ በኋላ ምሳ ማግኘት ይቸግራል።

ከለንደን ስንቅ እንይዛለን ለምትሉ፦ ከእንግሊዝ ወደ ፈረንሳይ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ማስገባት አይፈቀድም። ዶሮ ወጥ፣ ቋንጣ፣ አይብ፣ ንጥር ቅቤ ሁሉም በዚህ ውስጥ ይገባሉ። እንጀራውንና በዘይት የተሠራውን ሽሮ ያዙ። በመመለሻውም እንዲሁ ነው። ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ እንግሊዝ ከአውሮፓ የሚመጣ ሥጋና አይብ ለግል ፍጆታም ከልክላለች። ካማምቤሩን እዚያው ብሉት፤ ክልከላው ተነስቶ እንደሆነ ደግሞ ከመሳፈራችሁ በፊት አጣሩ።

ኖርማንዲ ላይ ኢትዮጵያውያን ወይም ሌሎች ጥቁሮች ተዋግተዋል?

የኢትዮጵያ ጦር እዚያ አልነበረም። የኛ አርበኞች ፋሺስትን ያስወጡት ቀደም ብለው ነው። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነበር፤ ከኖርማንዲው ዘመቻ ሦስት ዓመት በፊት።

ጥቁር አሜሪካውያን ግን ነበሩ። 320ኛው የባሎን ሻለቃ በመጀመሪያው ቀን አርፏል። ሥራው ጠላት አውሮፕላን ዝቅ ብሎ እንዳይመጣ ግዙፍ ፊኛ በሽቦ ማንሳት ነበር። የሻለቃው የሕክምና ባልደረባ ዋቨርሊ ውድሰን ራሱ ቆስሎ ሳለ ኦማሃ ላይ ለብዙ ሰዓታት ቁስለኛ ሲያክም ውሏል። በአሜሪካ ጦር በደረጃ ሁለተኛ የሆነው የጀግንነት ሜዳይ የተሰጠው ከሞተ በኋላ በ2024 ነው። ኮልቪል ካረፉት አራት ሴቶች ሦስቱ ጥቁሮች ናቸው። ሜሪ ባርሎው፣ ሜሪ ባንክስተንና ዶሎረስ ብራውን ይባላሉ። የፖስታ ሥራ ይሠራ የነበረው የ6888ኛው ሻለቃ አባላት ነበሩ፤ በ1945 በመኪና አደጋ ሞቱ። መረጃ ክፍሉ ብትጠይቁ መቃብራቸውን ያሳዩአችኋል።

የፈረንሳይ ጦር አፍሪካውያን በብዛት ያረፉት ኦገስት 1944 በደቡብ፣ በፕሮቫንስ ነው። ኖርማንዲ የገባው የፈረንሳዩ ጄኔራል የሌክለርክ ክፍለ ጦር ግን ገና ከመምጣቱ በፊት ጥቁር ወታደሮቹ ተለይተው እንዲቀሩ ተደርጓል። ዩታ ላይ የዚህን ክፍለ ጦር መታሰቢያ የሚያይ ሰው ይህንንም ይወቅ።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዤ እንግሊዝ እኖራለሁ። ቪዛ ያስፈልገኛል?

አዎ፣ የሼንገን ቪዛ። በእንግሊዝ ቋሚ መኖሪያ ቢኖራችሁም ያው ነው። የስደተኛ የጉዞ ሰነድ የያዘም እንዲሁ። የፈረንሳይን ማመልከቻ እንግሊዝ ውስጥ የሚቀበለው ቲኤልኤስ ነው። ከጉዞው ስድስት ወር አስቀድሞ ማመልከት ይቻላል፤ ቀጠሮ በበጋ ስለሚጠፋ ቶሎ ያዙ። ክፍያው 90 ዩሮ ነው፣ የአገልግሎት ክፍያ ይጨመርበታል። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ የሥራ ደብዳቤ፣ የመኝታና የፌሪ ቦታ ማስያዣ ይጠየቃል። ፌሪውንም ሆቴሉንም ገንዘብ በሚመለስበት ዓይነት ያዙ፤ ቪዛው ሳይመታ የማይመለስ ትኬት አትቁረጡ።

የእንግሊዝ ፓስፖርት ያለው ቪዛ አያስፈልገውም። ፓስፖርቱ ግን ከተሰጠ አሥር ዓመት ያልሞላው፣ ከመመለሻው ቀን በኋላም ሦስት ወር የሚቆይ መሆን አለበት። ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ አውሮፓ ድንበሩ ላይ አሻራና ፎቶ መውሰድ ስለጀመረች ወደብ ላይ በጊዜ ድረሱ።

ከአዲስ አበባ ወይም ከአሜሪካ ብመጣስ?

ከአዲስ አበባ የሚመጣ የእንግሊዙንም የሼንገኑንም ቪዛ ከመነሳቱ በፊት ያውጣ። ለንደን ደርሼ የፈረንሳዩን አወጣለሁ ማለት አይሠራም፤ የሼንገን ማመልከቻ የሚቀርበው በምትኖሩበት አገር ነው። የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት ያለው ለአጭር ጉብኝት ፈረንሳይ ያለ ቪዛ ይገባል፤ ለእንግሊዝ ግን ኢቲኤ የተባለውን ፈቃድ በስልኩ አስቀድሞ መሙላት አለበት። ግሪን ካርድ ከኢትዮጵያ ፓስፖርት ጋር የያዘ ሰው ሁለቱም ቪዛ ያስፈልገዋል።

ቪዛዬ ነገ ነው የሚጀምረው፤ ዛሬ ማታ በሚነሳው ፌሪ መሄድ እችላለሁ?

እንደ ወደቡ ነው። ከፖርትስማውዝ ከሆነ ይቻላል። የፈረንሳይ ፖሊስ ፓስፖርት የሚያየው ዊስትረሃም ስትደርሱ በማግስቱ ጠዋት ስለሆነ ነው። ያም ሆኖ የመርከቡ ሠራተኞች ሲያሳፍሩ ቪዛውን ያያሉና ትኬቱን ከመቁረጣችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ። ዶቨርና ፎክስተን ላይ ግን የፈረንሳይ ፖሊስ እዚያው እንግሊዝ ውስጥ ነው ያለው። ከእኩለ ሌሊት በፊት ብትደርሱ ገና ቪዛ የላችሁም፣ ይመልሷችኋል።

ስትመለሱም ልዩነት አለ። ካሌ ላይ የእንግሊዝ ድንበር ጠባቂ ከመሳፈራችሁ በፊት ይፈትሻችኋል። ከዊስትረሃም ስትመጡ ግን ፍተሻው ፖርትስማውዝ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ አሁን በኢንተርኔት ስለሆነ የያዛችሁት ፓስፖርት ከኢቪዛ አካውንታችሁ ጋር መያያዙን ከቤት ሳትወጡ አረጋግጡ። ፓስፖርት አድሳችሁ አዲሱን ካላስገባችሁ ፌሪው ላይ ላያሳፍሯችሁ ይችላሉ።